«ይህን አንብብ» ስለ ማለት

ሰው የወደደውን መጽሐፍ አንብቦ ሲጨርስ ነገሩን ለብቻው ይዞ መቀመጥ አይሆንለትም። ለባልንጀራው «ይህን አንብብ» ይለዋል፤ ባልንጀራውም «የለም፣ ከዚህ የሚበልጠውን እኔ አውቃለሁ» ብሎ ይመልስለታል፤ ክርክሩም ከዚያ ይጀመራል። ይህን የመሰለ ክርክር በማናቸውም ዓይነት ድርሰት ላይ የሚነሣ ቢሆንም፣ ፈረንጆች «ፋንታዚ» የሚሉትን፣ ስለ ዘንዶና ስለ አስማት፣ በካርታ ላይ ስለሌለ አገርም የሚተርከውን ልብ ወለድ በሚወዱ ሰዎች ዘንድ ግን እጅግ ይበረታል። ምክንያቱም እንዲህ ያለው ድርሰት ባንድ መጽሐፍ ስለማያበቃ ነው። ሦስት ቅጽ ይሆናል፤ ሰባት ይሆናል፤ ዐሥራ አራትም የሚሆን አለ። ስለዚህ «ይህን አንብብ» የሚል ሰው ከባልንጀራው የሚለምነው የአንድ ምሽት ጊዜ መስሎት እንደ ሆነ ተሳስቷል፤ የሚለምነው አንድ ዓመት ሙሉ ነው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ወደ መንግሥት ሥራ ከገባሁበት ጊዜ ጀምሮ፣ ከደመወዜ ጥቂት ጥቂት እየቀነስሁ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከሚገኙት የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች እነዚህን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ስገዛ ኖሬአለሁ። ሊቅ አይደለሁም፤ ስለ ሥነ ጽሑፍም ከፍ ያለ ትምህርት አልተማርሁም። ሆኖም ብዙ ሌሊት ለነዚህ ቅጾች የሰጠሁ ሰው እንደ መሆኔ መጠን፣ አንባቢዎች እርስ በርሳቸው መጽሐፍ ሲያስመርጡ ስለሚፈጽሙት አንድ ስሕተት ጥቂት ለመናገር ይፈቀድልኛል ብዬ አምናለሁ። ስሕተቱን እኔም ፈጽሜዋለሁ፤ ያንንም በቦታው እናገራለሁ።

«ሁጎ» የሚባል ሽልማት አለ። ሽልማቱ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስኑት የተሾሙ ዳኞች አይደሉም፤ የዓለም ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጉባኤ አባል የሆኑ አንባቢዎች ድምፅ ይሰጡበታል። ዘመኑን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁና፣ በ1966 ጉባኤው በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ሲደረግ «እስካሁን ከተጻፉት ተከታታይ ድርሰቶች የሚበልጠው የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ለአባሎቹ ቀረበላቸው። ካምስቱ ዕጩዎች አንዱ እንግሊዛዊው ቶልኪን የደረሰው «የቀለበቶቹ ጌታ» ነበር፤ ያሸነፈው ግን ስለ ወደፊት ዘመን የሚተርከው የአይዛክ አሲሞቭ «ፋውንዴሽን» ሆነ። አሲሞቭ ራሱ ሽልማቱ ቶልኪንን ለማክበር የታሰበ መስሎት እንደ ነበረ በኋላ ጽፏል። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ በብሪታንያ «ዋተርስቶንስ» የተባለው መጽሐፍ ሻጭ ከአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጋራ ሆኖ ሕዝቡ የክፍለ ዘመኑን ታላቅ መጽሐፍ እንዲመርጥ ቢጠይቅ፣ ያው በክሊቭላንድ የተሸነፈው መጽሐፍ አንደኛ ወጣ። በ2003ም ቢቢሲ ሕዝቡን «ከሁሉ አብልጣችሁ የምትወዱት የቱን ነው?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ አንደኛነቱን አልለቀቀም።

እንግዲህ ከነዚህ ምርጫዎች የትኛው ትክክል ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ ጥያቄው ራሱ ጐደሎ ነው እለዋለሁ። ድምፁን የሚሰጠው መጽሐፉን አንብቦ የጨረሰና የወደደ ሰው ነው። በሁለተኛው ቅጽ መካከል ሰልችቶት መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ የተወው፣ ወይም ደራሲው ጽፎ እስኪጨርስ ሲጠብቅ ዕድሜው የገፋው አንባቢ ከቍጥር አይገባም። ስለ ረጅም ድርሰት የሚጠቅም ምክር ሊሰጠን የሚችለው ግን ይኸው ያልተቈጠረው ሰው ነው። የወደደውማ ምን ይነግረናል? እንደ ወደደው ይነግረናል።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ ከዚህ የተሻለ አልሠሩም። አሜሪካዊው ሐያሲ ኤድመንድ ዊልሰን በ1956 የቶልኪንን መጽሐፍ እንደ ልጆች ተረት ቈጥሮ ናቀው፤ ባለቅኔው ኦደን ግን እጅግ አድርጎ አመሰገነው። የአንዱን ንቀትና የሌላውን ምስጋና አጠገብ ላጠገብ አድርጎ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን ይጀምረው ወይም ይተወው እንደ ሆነ አይረዳም። እኔ ብጠየቅ እንዲህ እላለሁ፦ የመጀመሪያው ቅጽ እርምጃው ቀስ ያለ ነው፤ ዘፈንና የትውልድ ሐረግ ይበዛበታል፤ ተራራና ወንዝ ሲገለጽለት የሚያዛጋ ሰው አይጀምረው። ነገር ግን ክፉው ቀለበት ከጠፋ በኋላ ታሪኩ «በደስታ ኖሩ» ብሎ አያሰናብተንም። ፍሮዶ ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ መንደሩን ተበላሽቶ ያገኘዋል፤ መንደሩ ከታደሰ በኋላም እርሱ ራሱ ሊኖርበት አይችልም። ስለዚህ ፍጻሜ ሲባል ያንን ሁሉ ገጽ መታገሥ አይቈጭም።

ስለ ቶልኪን አንድ ነገር ልጨምር። እርሱ ሦስት መጽሐፍ አልጻፈም፤ የጻፈው አንድ መጽሐፍ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወረቀት ተወድዶ ስለ ነበረ አሳታሚው ለሦስት ከፍሎ ከሐምሌ 1954 እስከ ጥቅምት 1955 አወጣው። ሁለተኛው ቅጽ የሚያበቃው ፍሮዶ በጠላት እጅ ወድቆ ሳለ ነው። የዚያን ጊዜ አንባቢዎች ዕጣው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ዐሥራ አንድ ወር ያህል ጠበቁ፤ ይህም በዚያ ዘመን እንደ ትልቅ ትዕግሥት ሳይቈጠር አልቀረም። ከነርሱ በኋላ የመጡት አንባቢዎች ምን ያህል እንደ ጠበቁ ቢሰሙ ኖሮ ምን ይሉ ነበር?

ሮበርት ጆርዳን በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ «የዘመን መንኰራኵር» የተባለውን ድርሰቱን መጀመሪያ ቅጽ በ1990 አወጣ። ቅጽ በቅጽ ላይ እየተጨመረ ሄደ፤ ባለታሪኮቹም እየበዙ አንዱ ባንዱ መንገድ ላይ እየቆመ ተጨናነቁ። በ2003 ዐሥረኛው በወጣ ጊዜ ታማኝ አንባቢዎቹ ራሳቸው ነገሩ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም ብለው አጕረመረሙ። ጆርዳን ድርሰቱን ሳይጨርስ በመስከረም 2007 በደም በሽታ ሞተ፤ ሆኖም ፍጻሜውን ለቤተ ሰቡ ነግሮ፣ ማስታወሻም ትቶ ነበር። ሚስቱ ሃሪየት ማክዱጋል ራሷ የመጻሕፍቱ አራሚ ነበረችና፣ ብራንደን ሳንደርሰን የተባለው ወጣት ደራሲ ስለ ባልዋ ሞት የጻፈውን የኀዘን ቃል አንብባ ሥራውን እንዲጨርስ ጠየቀችው። አንድ መጽሐፍ ይሆናል የተባለው ሦስት ሆኖ በጥር 2013 ተፈጸመ። በጠቅላላው 14 ቅጽ፣ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቃል፣ ሃያ ሦስት ዓመት።

የዚህ ድርሰት ወዳጆች እስከ ዛሬ አንድ ክርክር አላቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቅጾች የጆርዳን ናቸው ወይስ የሳንደርሰን? ማት የሚባለው ቀልደኛ ባለታሪክ በአዲሱ ደራሲ እጅ ቀልዱ ተለውጦ ሌላ ሰው መስሏል ይላሉ፤ ሳንደርሰንም በዚህ ባለታሪክ እንደ ተቸገረ አልሸሸገም። እኔም ስመዝነው የማት ነገር እውነት ነው፤ ነገር ግን ታሪኩ እንደ ገና መራመድ የጀመረውም በዚሁ እንግዳ እጅ ነው። ይህን የሚያህል ድርሰት ለሰው የሚመክር ሰው ሁለቱንም መናገር ይገባዋል። ብዙዎቹ ግን ከስምንተኛው እስከ ዐሥረኛው ያለውን ድካም ሸሽገው «መጀመሪያውን ብቻ ያዝ፣ ከዚያ በኋላ ራሱ ይወስድሃል» ይላሉ። ስምንተኛው ቅጽ ላይ የደረሰ ሰው ሰባቱን አንብቦ ስለሆነ ወደ ኋላ መመለስ እንዳይችል አድርገው ነው የሚያስገቡት።

ከዚህ ጋራ የእንግሊዛዊውን የቴሪ ፕራቼትን ነገር ማነጻጸር ደስ ይላል። «ዲስክወርልድ» የተባለው ዓለሙ የሚተረክባቸው ልብ ወለዶች 41 ናቸው፤ የመጀመሪያው በ1983 የመጨረሻውም ደራሲው በሞተበት በ2015 ወጣ። አብዛኞቹ ግን ለየራሳቸው ያለቁ ስለ ሆኑ፣ ወዳጆቹ አዲስ አንባቢን ከመጀመሪያው ጀምር ሲሉት አይሰማም፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው አትጀምር ይሉታል። ፕራቼት ሳይጨርስ የሚተወው ጽሑፍ ሁሉ ከእርሱ በኋላ እንዲደመሰስ ፈቃዱ ነበረ። በ2017 ጽሑፎቹ የተቀመጡበት የኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ በእንፋሎት በሚሄድ የመንገድ መዳመጫ መኪና ሥር ተጥሎ እንዲደቅቅ ተደረገ። ጆርዳን ማስታወሻውን ትቶ ሄደ፤ ፕራቼት አስደቀቀው። የትኛው ይሻላል? አንባቢነቴ ወደ ጆርዳን ያደላል። ነገር ግን በመንግሥት ጽሕፈት ቤት የሠራ ሰው፣ አንዱ የጀመረውን ፋይል ሌላው ሲጨርሰው ምን እንደሚሆን ስለሚያውቅ፣ የፕራቼትንም ፈቃድ ለመንቀፍ አልደፍርም።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት እመጣለሁ። አሜሪካዊው ጆርጅ ማርቲን ስለ አንድ ዙፋንና ስለሚሻሙበት ቤቶች የሚተርከውን ድርሰቱን በ1996 ጀመረ። ሦስቱ ቅጾች እስከ 2000 በቶሎ ወጡ፤ አራተኛው በ2005፣ አምስተኛው በ2011 ተከተሉ። ከዚያ በኋላ አንባቢው ስድስተኛውን ሲጠብቅ ብዙ ዓመት ዐለፈ፤ ከመጻሕፍቱ የተቀዳው የቴሌቪዥን ፊልም እንኳ ደራሲውን ቀድሞ በ2019 የራሱን ፍጻሜ አበጀ። ገና በ2009 ትዕግሥቱ ያለቀበት አንድ አንባቢ ስለዚህ መዘግየት ቢጠይቀው፣ ደራሲው ኒል ጌይማን መጽሐፍ መግዛት ከደራሲው ጋራ ውል መፈራረም አይደለም፣ ደራሲም የአንባቢ አሽከር አይደለም ሲል መለሰ። በዚህ መልስ ላይ ብዙ ሰው ተከራከረበት። እኔ እንደማየው ጌይማን ትክክል ነው፤ ማርቲን ለማንም ዕዳ የለበትም። ዕዳ ያለብን ግን እኛ ነን፤ «ይህን አንብብ» ብለን መጽሐፉን በሰው እጅ ያስያዝነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ኀላፊ የነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው የሚያነቡት ነገር እንድመርጥላቸው ጠየቁኝ። የማርቲንን መጀመሪያ ቅጽ ሰጠኋቸው። አወደስሁት፤ አለማለቁን ግን አልነገርኋቸውም። ረስቼ አይደለም። ብነግራቸው አይጀምሩትም ብዬ ፈርቼ ነው። እርሳቸውም መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ የባለታሪኮቹን ስምና ዝምድና እንደ መዝገብ በወረቀት ላይ እያሰፈሩ፣ ባንድ ዓመት ተኩል ውስጥ አምስቱንም ጨረሱ። ከዚያም ወደ ቢሮዬ መጥተው «ስድስተኛውን አምጣ» አሉኝ።

እውነቱን ስነግራቸው አልተቈጡም። «ደራሲው ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው ጠየቁ። በ1948 የተወለደ መሆኑን ነገርኋቸው። ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ከኔም ይበልጣል፤ እንግዲህ እሱም እኔም ብዙ ጊዜ የለንም» አሉ። በሳምንቱ አምስቱን ቅጾች የፋይል ማሰሪያ በሆነው ክር አስረው መለሱልኝ። «ልጄ፣ ያለቀ አምጣልኝ» አሉኝ።

ያለቀ ከማለት በፊት ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ከየት ልጀምር የሚለው ነው። በዚህ ነገር የታወቀው ክርክር ስለ ሲ. ኤስ. ልዊስ «ናርንያ» የሚደረገው ነው። ከ1950 እስከ 1956 ሰባት መጻሕፍት ወጡ፤ ያ አገር እንዴት እንደ ተፈጠረ የሚተርከው ግን ስድስተኛ ሆኖ በ1955 የታተመው ነው። በ1994 አሳታሚው የታሪኩን ቅደም ተከተል ጠብቆ ይህን አንደኛ ብሎ ቈጠረው። ልዊስም በ1957 ለአንድ ልጅ በጻፈው ደብዳቤ ልጁ የመረጠውን ይህንኑ ቅደም ተከተል ደግፏል፤ ነገሩ ያን ያህል እንደማያሳስብም ጨምሯል። እኔ ግን ከደራሲውም ከአሳታሚውም አልስማማም። በበረዶ በተሸፈነ ጫካ መካከል አንድ የመንገድ መብራት ቆሞ ማየት የሚያስደንቀው፣ ማን እንደ ተከለው ሳይታወቅ ነው።

ለጋሼ የመረጥሁላቸው የኡርሱላ ለጉዊንን «ምድረ ባሕር» ነው። ስድስት ቅጽ ነው፤ ስድስቱ ተደምረው ከጆርዳን አንድና ሁለት ቅጽ አይበልጡም። በደሴቶች ብቻ በተሠራ ዓለም ውስጥ ጌድ የሚባል የፍየል እረኛ አስማት ሊማር ይሄዳል፤ በትዕቢቱ አንድ ጥላ ከጨለማ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሲያሳድደውና ሲሳደድ ይኖራል። በዚያ አገር ሰው ሁሉ ሁለት ስም አለው፤ አንዱ የሚጠራበት፣ ሌላው እውነተኛውና የሚሰወረው። እውነተኛውን ስም ያወቀ ሰው በባለቤቱ ላይ ኀይል ስለሚያገኝ፣ ስምን ለወዳጅ መንገር ከስጦታ ሁሉ የሚበልጥ ስጦታ ነው። ይህን ለአንድ እንግሊዛዊ አንባቢ ማስረዳት ሳያስፈልግ አይቀርም። የክርስትና ስሙን ደብተራ እንዳይሰማበት እናቱ ስትሸሽግለት ያደገ ሰው ግን ገጹን ገልጦ ወዲያው ይገባዋል። ጋሼም እዚህ ላይ ሲደርሱ «ይህች ሴት ከየት ሰማችው?» አሉኝ። ደግሞም ጌድ ቀይ ዳማ፣ የቅርብ ወዳጁም ጥቍር ነው፤ በ2004 ፊልም ሠሪዎች ጌድን ነጭ ሲያደርጉት ደራሲዋ በአደባባይ ተቃውማለች።

እኔ መጽሐፉን ከሁሉ የማስቀድምበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ቅጽ ብቻውን ያልቃል፤ አንባቢው በፈለገበት ሊቆም ይችላል፤ ማንም አስሮ አይወስደውም። ከ1968 እስከ 1972 ሦስቱን ከጻፈች በኋላ ለጉዊን ዝም አለች። ከዐሥራ ስምንት ዓመት በኋላ በ1990 ተመልሳ አራተኛውን ጻፈች፤ በዚህም ራሷ የሠራችውን ዓለም መረመረችው። የአስማቱ ትምህርት ቤት ለወንዶች ብቻ የሆነው ስለ ምንድን ነው? በዚያ ዓለም ሴቶች የት ነበሩ? ጀግናዋ መበለት ሆና በእርሻ ቤት ትኖራለች፤ ጌድም ኀይሉን ሁሉ አጥቶ የደከመ ሰው ሆኖ ወደ ቤትዋ ይመጣል። በዚህ ቅጽ የተቈጡ አንባቢዎች አሉ፤ የልጅነታችንን ጀግና አዋረደችብን ይላሉ። እኔም በመጀመሪያ ሳነበው እንዲሁ ተሰምቶኝ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን ያፈርሁት በራሴ ነው። ለጉዊን ያንን ቅጽ «የመጨረሻው የምድረ ባሕር መጽሐፍ» ብላ ሰይማው ነበር፤ በ2001 ግን ሁለት መጻሕፍት ጨመረችበት። በ2018 በሞተች ጊዜ ሥራው ተጠናቆ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልተሳካልኝም። ለጋሼ የመጀመሪያውን ቅጽ ይዤ ብሄድ፣ እርሳቸው ቀድመው ከአንድ ነጋዴ ሦስተኛውን አግኝተው ጀምረውት ቈዩኝ። ሦስተኛው ላይ ጌድ አርጅቷል፤ የጠቢባን አለቃ ሆኗል፤ ከአንድ ወጣት ልዑል ጋራ እስከ ሙታን አገር ወርዶ፣ በሕይወትና በሞት መካከል የተከፈተውን በር ባለው ኀይል ሁሉ ዘግቶ ባዶ እጁን ይወጣል። እኔ ይህን መጽሐፍ ከዚህ መጀመር የቤትን ጣሪያ ከመሠረቱ በፊት ማቆም ነው አልሁ። እርሳቸው ግን «ይህ ለናንተ ለወጣቶቹ ነው፤ ጡረታ የወጣ ሰው ግን ከዚህ ነው መጀመር ያለበት» ብለው አልበገር አሉኝ። ሁለቱን የቀሩትን ወደ ኋላ ሄደው አነበቡ፤ እስከ አሁንም በተገናኘን ቍጥር በዚሁ እንከራከራለን።

ባለፈው ወር በመዝገብ ቤት አዲስ የተቀጠረች አንዲት ወጣት ሦስተኛውን ቅጽ በጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ አየሁ። «ጋሼ መጥተው ነበር፤ ከዚህ ጀምሪ ብለውኛል» አለችኝ። በማግሥቱ የመጀመሪያውን ቅጽ ከቤቴ አምጥቼ አጠገቡ አስቀመጥሁላት። ስድስት ቅጽ መሆኑንና ማለቁን ነገርኋት፤ አራተኛውም ምናልባት ሊያስቈጣት እንደሚችል።